የመኪያ የሥጋ መፍጫ

በእኛ ሰፈር ሰው ደረቱን ነፍቶ «ተዉት፣ ያ ነገር ሄዷል» ካለ፣ ከተቀመጡት አንዱ ሦስት ቃል ጣል ሳያደርግበት አይቀርም። ልጆች እንኳ በጨዋታ መሀል ይወራወሩባታል። ከየት እንደመጣች የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ የሚያውቁትም ሲሏት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሦስት ቃል ናት፣ የተገዛችውም በሦስት ጣት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከመሀሉ አይጀመርምና ከሥሩ ልንገራችሁ።

ሰፈሩ ከኮምቦልቻ ወጥታችሁ የሐረጎን አቀበት ስትጀምሩ በስተግራ የሚታየው ነው። መኪያ ይመር የምትባል ሴት እዚያ ትኖራለች። ዘጠኝ ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። እናትና አባቷ ቀድመው ስለሞቱባት አገር ቤት ትታት የሄደችው ታናሽ እህቷን ዚነትን ብቻ ነበር። አክስታቸው ዘንድ አስቀምጣት፣ እዚያ ሆና አለበሰቻት፣ አስተማረቻት። የራሷ ትዳር አልሰመረላትም፤ ሞክራው ነበር፣ ስለሱ ብትጠይቋትም አትወድም። የቀራት ምኞት አንድ ነው፤ ዚነትን በወግ በማዕረግ ድራ «እናቷ ብትኖር ከዚህ በላይ ምን ታደርግላት ነበር» ሲባል መስማት።

ዚነት ሹሩባ ሠሪ ነበረች። ወሎ መቼም ሹሩባ የሚያውቅ እጅ አላጣም፤ የዚነት ግን የተለየ ነበር። ጣቶቿ ፀጉር ውስጥ ሲሄዱ አይሰሙም። ስንቷ ሙሽራ ጉልበቷ ላይ ራሷን አስደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ለራሷም ተራው ደርሶ፣ ሐይቅ ለሚኖር አንድ እንጨት ሠሪ ታጭታ፣ የጋብቻው ኒካ ከዒድ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ተቆርጦ ነበር። መኪያ አንሶላውንም ሳህኑንም አንድ በአንድ እየገዛች ሳጥን ውስጥ ትከት ነበር።

ከዐረብ አገር የሚመለሰው ሁሉ ብርድ ልብስና ሽቶ ሲሸከም፣ መኪያ ተሸክማ የመጣችው የኤሌክትሪክ ሥጋ መፍጫ ነው። አፉ ሰፊ፣ የጎልማሳ እጅ የሚያስገባ። ሰፈሩ ሳቀባት፤ ዘጠኝ ዓመት ለፍታ ብረት ይዛ መጣች አሏት። ብረቷ ግን እንጀራ ሆነቻት። በረመዳን ከዐስር ሰላት በኋላ ደጇ በሰው ይሞላል፤ የሥጋ ሳምቡሳዋን ሳይዝ ለማፍጠር ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው አይገኝም። ሥጋውን እሷ ትፈጫለች፣ ጎረቤቷ እማ ጦይባ በራፉ ላይ ተቀምጠው ሊጡን በሦስት ማዕዘን ያጥፋሉ፣ ዚነት ከሹሩባዋ ስትመለስ ትጠብሳለች።

የጅዳዋ ማዳም ክፉ ሴት ነበረች። በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን መኪያን በስሟ ጠርታት አታውቅም። አንድ ደግ ነገር ግን አስተምራታለች። ማሽኑ ሊታጠብ ሲል መጀመሪያ ማጥፊያው ይጠፋል፣ ቀጥሎ ሶኬቱ ከግድግዳው ይነቀላል፣ የተነቀለው ሶኬት ደግሞ ከነገመዱ ትከሻ ላይ ይጣላል። ትከሻ ላይ ያለ ሶኬት ግድግዳ ላይ ሊሆን አይችልማ። አንድ ቀን መኪያ ሶኬቱን ትከሻዋ ላይ ሳትጥል እጇን ወደ ማሽኑ ስትሰድ አግኝታት፣ በጭልፋ ጣቷን መትታታለች።

ከዚያ በኋላ ነው ከፊት ያለው ቀለበት የሚፈታው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሳህንና ምላጩ የሚወጣው፣ ሥጋውን የሚገፋው ጠመዝማዛ ዘንግ የሚሳበው። ብረት ብረቱ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታሻል፤ ሞተሩ ግን ውሃ አይነካውም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል እንጂ። ሁሉም ከደረቀ በኋላ ምላጩ እንዳይዝግ ዘይት ይቀባል። ሥጋ ደግሞ በብረት ውስጥ አያድርም፣ መኪያ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ይህንኑ ለዚነት አስተማረቻት። ዚነት ገመዱን አንገቷ ላይ ጥላ ስታጥብ እማ ጦይባ ያይዋትና «ዛሬ ደግሞ ሐኪም መሰልሽ» ይሏት ነበር።

የዚያ ዓመት ረመዳን ግን መብራቱ አስቸገረ። በፈረቃ ነው ይባላል፤ ፈረቃው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። መብራት ሲሄድ መቼም ሁላችንም አንድ ልማድ አለን፤ አንዱ አምፖሉን፣ አንዱ ሬዲዮኑን ሳያጠፋ ይተወዋል። ሲመጣ እንዲነግረው ነው፣ መልክተኛ ነው። የመኪያ አምፖል በቀን አይታይም፣ ሬዲዮ የላትም። ስለዚህ ማሽኑን ራሱን መልክተኛ አደረገችው። ማጥፊያውን ሳትነካ፣ ሶኬቱን ሳትነቅል ትታው ወደ ሌላ ሥራዋ ትሄዳለች፤ መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ማጉረምረም ይጀምርና ይጠራታል። ጅዳ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ጅዳ መብራት አይሄድማ።

እማ ጦይባ አንድ ቀን፣ ይህ ነገር ባፉ ሥጋ እንደያዘ መቆሙ ደግ ነው ወይ ብለው ጠይቀዋት ነበር። መኪያ «አብሽሩ እማ፣ ከእኔ በቀር ማን ይነካዋል» አለቻቸው። ለዚነት ግን አልነገረቻትም። ልትደብቃት ፈልጋ አይደለም። ልማዱ ገና የአራት ቀን ነው፣ ዚነትም የዒድ ሹሩባ በዝቶባት ከቤት አትውልም ነበር።

በሃያ አምስተኛው ፆም መስጊድ ለሚያፈጥሩ መንገደኞች ሁለት መቶ ሳምቡሳ ታዘዘች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥጋው ገና ሳይጋመስ መብራት ሄደ። ጅማት የበዛበት ሥጋ ነበርና ዘንጉ ላይ እንደተጠመጠመ ቆመ። ሰው ሁሉ ዛሬስ እስከ ማታ አይመጣም አለ። መኪያ ጊዜው እንዳይሄድባት የቀረውን በእጅ ልትከትፈው ወሰነች፤ መክተፊያና ትልቅ ቢላዋ ልትዋስ ሁለት ቤት አልፋ ሄደች። ምናልባት ቢመጣ ይጠራኛል ብላ ማሽኑን እንደነበረ ተወችው። ማጥፊያው እንደበራ ነው፣ ሶኬቱም ግድግዳው ላይ ነው።

እሷ በዚያ ስትወጣ ዚነት በዚህ ገባች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትሠራ ውላ፣ ፆሙ አድክሟት፣ ከንፈሯ ደርቋል። ማሽኑ ዝም ብሏል፤ ዝንብ ከቦታል። እህቷ ሥጋ በብረት ውስጥ ሲቆይ እንደማትወድ ታውቃለች፤ ሳትመጣ አጥቤላት ልቆይ አለች። እማ ጦይባ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመውን ጅማት ልታወጣ ወደ ማሽኑ አፍ ስታጎነብስ አይተዋታል። አልከለከሏትም። መብራት ሄዷል ብለው እሳቸውም አምነው ነበር።

መኪያ ቢላዋውን ተቀብላ ከሰው ቤት ስትወጣ ልጆች ከሰፈሩ ዳር እስከ ዳር «መጣ!» ብለው ጮኹ። ደስ አላት። በሉ እንግዲያው ቢላዋችሁን ውሰዱ ብላ ለባለቤቶቹ መለሰችላቸው፣ ሳቀችም። ማሽኗ ከወዲያ ማዶ ሲያጉረመርም ሰማችው፤ እንዳለችው እየጠራት ነው። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ሥጋ የሚፈጭ ማሽንና አጥንት የገጠመው ማሽን ድምፃቸው አንድ አይደለም፣ እሷ ደግሞ ለይታ ታውቀዋለች። አጥንቱን እኮ ለቅሜ ጨርሻለሁ ስትል የዚነት ጩኸት ደረሰ።

ስትደርስ የእህቷ ቀኝ እጅ በማሽኑ አፍ ውስጥ ነበር። በግራዋ ማሽኑን ትገፋለች። እማ ጦይባ ሊጥ በያዘ እጃቸው ገመዱን ይዳብሳሉ፣ ደንግጠው ማየት አቅቷቸዋል። መኪያ ሶኬቱን በአንድ እጇ ስትመነጭቀው የግድግዳው ሽፋን አብሮ ወጣ። ማሽኑ ዝም አለ። የዚነት ሌባ ጣት፣ የመሀል ጣትና የቀለበት ጣት አልነበሩም።

ሰዎች ዚነትን በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዷት እማ ጦይባ ቤት ቀሩ። የማሽኑን ቀለበት የፈቱት እሳቸው ናቸው። ውስጥ ያገኙትን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለመስጊድ ሰዎች ሰጡ፤ እነሱም ከመቃብሩ ጥግ ቀበሩት። ከዚያ ማሽኑን መልሰው ገጥመው፣ ሳያጥቡት፣ አልጋ ሥር ከተቱት። ጉልበቴ ከዚያ አላለፈም አሉ በኋላ። በዚያ ቀን መንገደኞቹ በቴምርና በውሃ አፈጠሩ።

በሐኪም ቤቱ ደጅ ሰው ተሰብስቦ ማሽኑን ማን አበራው ይል ነበር። እያንዳንዱ አዲስ መጪ የሚጠይቀው እሱን ነው። ዚነት ፊቷ አመድ መስሎ፣ እጇ በፎጣ እንደተጠቀለለ፣ ቀና አለችና «እኔ ነኝ ያበራሁት» አለች። መኪያ አጠገቧ ቆማለች። ዛሬ ደንግጫለሁ፣ ነገ እናገራለሁ አለች በልቧ። ነገ መጣ፣ አልተናገረችም። ዒድ መጣ፣ አልተናገረችም። ሰው የሚሰቀጥጠውን ነገር ለነገ ሲያስተላልፍ ነገ ይቀልለዋል ብሎ ነው፤ ሲከብድ እንጂ ሲቀልል ያየ ግን የለም።

ኒካው ለሌላ ጊዜ ተባለ። ዚነት ከሐኪም ቤት ወጥታ ቤት ተቀመጠች። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ፊቷ አስቀምጣ በግራ እጇና በቀኟ በቀሩት ሁለት ጣቶች ሹሩባ ልትሠራ ስትሞክር መኪያ በበሩ ስንጥቅ አየቻት። ፀጉሩ ይያዝላትና ይሾልካል፣ ይያዝላትና ይሾልካል። ዚነት ልጅቷን «ሂጂ፣ ሌላ ቀን» ብላ ሰደደቻትና ሚዶዎቿን በጨርቅ ቋጠረቻቸው። መኪያ ጓሮ ሄዳ አፏን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች።

ከአልጋው ሥር ሽታ ይመጣል። መኪያ ወለሉን በበረኪና ታጥባለች፣ ሽታው ይጠፋል። ሄደ ትላለች። ፀሐይ ጠንከር ያለ ቀን ይመለሳል። ማሽኑን አውጥታ ማጠብ እንዳለባት ታውቃለች፤ እጇ ግን ወደዚያ አልዘረጋ አላት። ያቺ ሥጋ በብረት ውስጥ አያድርም ባይ ሴት ሦስት ወር አሳደረችው።

በዚህ መሀል ወሬ ተወለደ። ዚነት ራሷ አብርታ እጇን ከተተች መባሉ ሐይቅ ደርሶ እዚያ ሌላ ጭራ አበቀለ። ጤነኛ ሰው ማሽን አብርቶ እጁን አይከትም፤ እንግዲያው ልጅቷ ጋብቻውን ጠልታ ሆን ብላ ነው ተባለ። ሌላው ደግሞ የያዛት ነገር አለ አለ። የእጮኛዋ የልጁ እናት ሰማች፣ ልጁም ሰማ። በሦስተኛው ወር አጎቱ ሐጂ ኑርዬ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ።

መኪያ አስገባቻቸው፣ ፍራሽ ላይ አስቀመጠቻቸው። እማ ጦይባም እንደ እናት ሆነው ተጠርተው በራፉ አጠገብ ተቀመጡ። ሐጂ ደግ ሰው ናቸው፤ ነገሩን በለሰለሰ ቃል ነው ያቀረቡት። ወሬው እንደከበዳቸው፣ የልጁ እናት እንቅልፍ እንዳጣች፣ ቂም እንደሌላቸው፣ የሰጡትን ማጫም መልሱ እንደማይሉ ተናገሩ። የሆነው ሆኗል፣ ያለፈው ሄዷል፣ በሰላም እንለያይ አሉ። ዚነት ቀኝ እጇን በሻሿ ሥር ደብቃ መሬት መሬት ታያለች።

መኪያ እህቷን አየቻት። ጣቷን የወሰድኩባት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ደግሞ ተቀምጬ ስሟን ላስወስድባት ነው አለች በልቧ። ድራ ልታያት የተመኘቻት ልጅ ፊቷ ላይ እየተፈታች ነው፤ የምትፈታውም በእሷ ዝምታ ነው። ተነሥታ ጓዳ ገባች። አልጋው ሥር ተንበርክካ ማሽኑን ጎተተችው፣ አቅፋ አምጥታ ሐጂ ፊት አስቀመጠችው። ሽታው ቤቱን ሞላው። ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው አፍንጫቸውን ያዙ። መኪያ ገመዱን ሰብስባ ሶኬቱን ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

«ይሄ ሶኬት እዚህ መሆን ነበረበት» አለች። «ግድግዳው ላይ ትቼው የሄድኩ እኔ ነኝ። ማጥፊያውንም አላጠፋሁም። መብራቱ ሲመጣ እንዲጠራኝ ብዬ ነው። እሷ ምንም አላበራችም።»

እማ ጦይባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሳቸው ከዚያች ቀን ጀምሮ ያውቁት ነበር። ማሽኑና የልጆቹ ጩኸት እኩል ሲነሡ በጆሯቸው ሰምተዋል። ከራሷ አፍ እስኪወጣ ነው የጠበቁት። እኔም አይቼ አልከለከልኳትም፣ የእኔም እጅ አለበት አሉ።

ሐጂ ኑርዬ ወደ ዚነት ዞሩ። ልጄ፣ ሶኬቱን ሳታዪ ለምን ነካሽው፣ ከነካሽውስ በኋላ ለምን በራስሽ ላይ ዋሸሽ አሏት። ዚነት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«እታለም ሳትነቅል አትሄድም ብዬ ነው የነካሁት። ያስተማረችኝ እሷ ናት። የዋሸሁት ደግሞ» አለችና ወደ እህቷ ዞረች። «የደረሰውን ሳይ፣ ከአንድ ቤት የአንድ ሰው እጅ ይበቃል ብዬ ነው። እሷ ይህን ተሸክማ የምትሠራበት እጅ አይኖራትም።»

መኪያ ያን ጊዜ ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ብላ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሦስት ወር ሙሉ ነጠላ ውስጥ ያፈነችው ነው የወጣው። ዚነት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ጋብቻው ተመለሰ ብዬ አልዋሻችሁም። ሐጂ ስሟን በወሬ ስለነኩት ዚነትን አፉ በይን፣ ይቅር በይን አሏት፤ ሐይቅ ገብተውም እውነቱን በየቤቱ እንደሚናገሩ ቃል ሰጡ። ቃላቸውንም ጠብቀዋል። ግን የልጁ እናት ቀደም ብላ ሌላ ቤት ሽማግሌ ልካ፣ እሺ ተብላ ነበር። ይህን ሲናገሩ ሐጂ አፍረው መሬቱን በምርኩዛቸው ይጭሩ ነበር። ዚነት ሰማች፣ እሺ አለች።

መኪያ ዓይኗን ጠረገችና የማሽኑን ቀለበት መፍታት ጀመረች። ዝጎ ኖሮ እምቢ አላት። ዚነት ግራ እጇን ከላይ ጭና፣ ቀኟንም በቀሩት ሁለት ጣቶቿ አግዛ፣ እንዳይነቃነቅ ያዘችላት። ቀለበቱ ሲጥ ሲጥ እያለ ዞረ። እማ ጦይባ ሙቅ ውሃ በሳፋ አመጡ። ውስጡ ያለውን አልናገርም፤ ካዩት ሽማግሌዎች አንዱ ወደ ደጅ ወጣ።

ሐጂ ኑርዬ ሊሄዱ ተነሥተው ከበሩ ላይ ዘወር አሉ። ሁለቱን እህትማማች እንዲህ አጎንብሰው አዩአቸው። መኪያን ሊያጽናኑ ብለው «አብሽሪ ልጄ፣ በቃሽ» አሏት፤ «ሦስት ወር የሆነው ነገር ነው። ይህ እኮ ድሮ ሄዷል።»

እማ ጦይባ ሳፋውን መሬት አኖሩ። መኪያ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለውን ሶኬት አዩት፣ ከዚያ ሐጂን አዩና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሐጂ፣ ሄደ አይበሉ፣ ሳይነቅሉ» አሏቸው።